ሰከንዱ ሲሞላ

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ዕለት ማለዳ፣ ልክ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲያልፍ፣ ሳይታደሱ በቆዩ ኮምፒውተሮች ውስጥ አንድ ቁጥር ይሞላል።

ብዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጊዜን የሚያውቁት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970 መባቻ ጀምሮ ሰከንድ እየቆጠሩ ነው። ቁጥሩ ኔጌቲቭንም በሚይዝ 32 ቢት ከተቀመጠ ከ2,147,483,647 አያልፍም። በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥና ማሽኑ ራሱን 1901 ላይ ያገኘዋል።

ከእነዚህ ሥርዓቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ቁልፍ በተጫናችሁ፣ ስክሪን በነካችሁ ቁጥር አጭር መዝገብ ይጽፋል፤ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ምን እንደተነካ። ታዲያ ሰዓቱን ወደ 64 ቢት ማስፋት አይበቃም? አይበቃም። መዝገቡ ይረዝማል፤ 16 ባይት ብቻ እንዲያነብ የተሠራ የቆየ ፕሮግራም የቁልፉን ኮድ ከሰዓቱ መሀል ይፈልጋል። ኪቦርዱ ደህና ሆኖ ሳለ ለእሱ ተበላሸ ማለት ነው።

ስለዚህ የሊኑክስ ገንቢዎች መዝገቡን ሳያስረዝሙ፣ ያው ቁጥር ኔጌቲቭ እንዳይይዝ አድርገው ተረጎሙት። በዚህ ብቻ አቅሙ እጥፍ ሆኖ እስከ ፈረንጆቹ 2106 ያደርሳል። ትናንት የተጻፈን ፕሮግራም ሳይሰብሩ ነገን ማሰናዳት ትልቅ ሙያ ነው።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ። ሁለት ተከታታይ ጠቅታዎችን ለመለየት የዕለቱ ቀን አያስፈልግም፤ በመካከላቸው ያለው የጊዜ ልዩነት ይበቃል። ፕሮግራሙ ማሽኑ ከበራበት ጊዜ አንሥቶ የሚቆጥረውን ሰዓት ከጠየቀ፣ ያ ቁጥር በቀድሞው አተረጓጎም እንኳ እንዲሞላ ማሽኑ ሳይጠፋ 68 ዓመት መሥራት አለበት።