ያልተቀመጡበት ስብሰባ
ጅማ፣ ለሕግ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

 

ልጆቼ፣ ስለ ዴሞክራሲና ስለ ሕግ የበላይነት እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለ ሁለቱ አምስት ዓመት ሙሉ ስትሰሙ ከርማችኋል፤ ተፈትናችሁባቸዋልም። ስለዚህ አንድ ሰው ላሳያችሁ፤ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን።

ብዙዎቻችሁ ገና ሳትወለዱ፣ ከ1993ቱ የህወሓት ክፍፍል በኋላ፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። መዝገቡ የቀረበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ባልሞላቸው ዳኛ፣ በወይዘሪት ብርቱካን ፊት ነበር። ዳኛዋ ሕጉን አዩ፤ የዋስትና መብት አለ፤ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ከመውጣታቸው ተመልሰው ተያዙ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ።

«ታዲያ ትእዛዙ ምን ጠቀመ?» የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ትእዛዙ መዝገቡ ውስጥ አለ፣ ይኼን ጠቅሟል። ያን ቀን ሕጉ ምን ይል እንደነበር ከዚያ ይነበባል። ዳኛዋ ፈርተው «ዋስትናው አልተፈቀደም» ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ሕጉ በቦታው እንዳለ በጓዳ ይጣስ ነበር፤ ማንም አያውቅም። እሳቸው የጻፉት ትክክለኛ ትእዛዝ ግን ሥልጣን የያዘውን ወገን የፈለገውን ነገር በአደባባይ፣ በአዋጅ እንዲያደርገው አስገደደው። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎም ዛሬ እዚህ ቆመን ልንፈርድበት የቻልነው ለዚህ ነው።

በጽሑፍ ነገር ክርር የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዳኝነት ዘመኔን የጨረስኩት በእነዚሁ የቡና ከተሞች ነው፤ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ። አንዱን መዝገብ ልንገራችሁ።

ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚገኝ የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጉዳይ፣ በሽማግሌም በግልግልም አልፎ በይግባኝ እኛ ችሎት ደረሰ። ማኅበሩ በዓመቱ ቀይ እሸት ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ ሸጦ ጥሩ ትርፍ አግኝቶ ነበር። ትርፉ ለአባላቱ እንዳስረከቡት ቡና መጠን መከፋፈል አለበት። ኮሚቴው ግን ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ አሰበው። ሕጉ አንድ አባል አንድ ድምፅ ይላልና፣ ጠቅላላ ጉባኤ ቢጠሩ ሐሳባቸው እንደማያልፍ ያውቃሉ። ስለዚህ ጉባኤውን ሳይጠሩ ቃለ ጉባኤውን ጻፉት። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ አጀንዳ አለው፤ «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል። የቀረው ፊርማው ብቻ ነው።

ፊርማውን ያሰባሰቡት በለቀማ ሰሞን፣ ማታ ማታ ነው። ገበሬው እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ሚዛኑ ጋ ሲሰለፍ አንድ ልጅ ወረቀቱንና የቀለም ሳጥኑን ይዞ በሰልፉ መሐል ይዞራል፤ «እዚህ ጋ ጣትዎን» ይላል። እየመሸ ነው፤ ከኋላ ያለው ይገፋል፤ የደከመው ሰው ቡናው ተመዝኖለት ቤቱ መግባት ነው የሚፈልገው። አንድ በአንድ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈው ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

የአንዲት እናት ተራ ደረሰ። ባላቸው ሞተው አባልነቱ ወደ እሳቸው የዞረ ሴት ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም። «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። ልጁ «የስብሰባው ነው» አላቸው። «የትኛው ስብሰባ?» አሉት። ልጁ መልስ አጣ። «እኔ ያልተቀመጥኩበትን ስብሰባ ጣቴ አይመሰክርም» አሉና እሸታቸውን አስመዝነው ሄዱ።

ያንን ወረቀት በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። አሻራዎቹ ወይን ጠጅ ናቸው፤ የእሸት ጭማቂ ተለውሶባቸው የግማሾቹ ጠርዝ ጠቁሯል። ከአንድ ስም ትይዩ ያለው ቦታ ብቻ ነጭ ነው። የይግባኝ ክርክሩ ሁሉ የዞረው በዚያች ነጭ ቦታ ላይ ነበር። ለምን አልፈረሙም ተብለው ሲጠየቁ ያንኑ ደገሙት፤ ያኔ የፈረሙትም ቀስ በቀስ «እኛም አልተቀመጥንም» ማለት ጀመሩ። ውሳኔው ተሻረ፤ ጉባኤው በደንቡ መሠረት እንደገና ተጠራ።

ይህን ስነግር ሰው ደስ ብሎት ያጨበጭባል፤ መጨረሻውን ግን አልነገርኩም። መዝገቡ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ እኚያ እናት በለቀማው ወራት ሁሉ ቡናቸው በመጨረሻ ሲመዘን ከረመ። ቡና የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀይ እሸት በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ ያደረ እንደሆነ ማንም በሙሉ ዋጋ አይቀበለውም። ከማታ ማታ የጎደለባቸውን ያን ገንዘብ ፍርድ ቤቱ አልመለሰላቸውም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ወይዘሪት ብርቱካንን ባሰብኩ ቁጥር እኚያ እናት ይመጡብኛል። ወይዘሪት ብርቱካን በ1997ቱ ምርጫ ሰሞን የተቃዋሚው ቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ነበሩ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ቀውስ ታሰሩ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በሽማግሌዎች አማካይነት ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ከጓዶቻቸው ጋር በይቅርታ ወጡ። ከዚያ አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን መሩ። በ2001 ዓ.ም. ስዊድን ሄደው ስለዚያ ይቅርታ የተናገሩት ጠብ ሆነባቸው፤ ቃልሽን አስተባብዪ ተባሉ። እሳቸው «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ ነገሩ በእሳቸው በኩል እንዴት እንደተፈጸመ በስማቸው ጻፉት። ወዲያው በታኅሣሥ ተያዙ፤ የዕድሜ ልኩ ፍርድ ተመለሰባቸው። ሕፃን ልጃቸውን ትተው ቃሊቲ ገቡ፤ ወራትም ለብቻቸው ተገልለው ታሰሩ።

ወይዘሪት ብርቱካን ከመፈታታቸው በፊት አቶ ስዬ አብርሃ፣ ያኔ በዋስ ይለቀቁ ያሏቸው ሰው፣ እሳቸው ወደሚመሩት ፓርቲ ገቡ። ልጆቼ፣ ይህን አስተውሉልኝ። ዳኛዋ ያኔ በሹሙ ላይ ቂም ይዘው ወይም ለሹሙ አድልተው ቢፈርዱ ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ወይዘሪት ብርቱካን መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲለቀቁ መንግሥት ይቅርታ ጠይቀዋል አለ። በዚህ የሚወቅሷቸው ሰዎች አሉ። እኔ አልወቅሳቸውም። በር ተቆልፎበት፣ ልጁ ደጅ ቀርታበት የፈረመ ሰውና በነጻነት ቆሞ የፈረመ ሰው በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። የፍትሐ ብሔር መምህሮቻችሁ ስለ ፈቃድ ጉድለት ያስተማሯችሁ ይኼንኑ ነው።

ከዚያ አሜሪካ ሄዱ፣ ሃርቫርድ ተማሩ። ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። በምርጫ ሰበብ የታሰሩ ሰው የአገሪቱን ምርጫ እንዲመሩ ተጠሩ ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ እንከን አልነበረበትም አልልም። በትግራይ ጦርነት ነበር። እዚህ በኦሮሚያም ትልልቆቹ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ስለነበር፣ ብዙ መራጭ የሚያማርጠው ሳይኖረው ካርዱን ሣጥን ውስጥ ጨምሯል። ይህን ደብቄ እሳቸውን ባከብር ክብሩ አያምርባቸውም። ያም ሆኖ የእያንዳንዱ ጣቢያ ውጤት በጣቢያው ደጃፍ ላይ እንዲለጠፍ መደረጉን እንደ ትልቅ ነገር አየዋለሁ። ቡና ሊያስመዝን የወጣ ሰው በመንገዱ ቆሞ፣ እሱ የሰጠበት ጣቢያ ስንት ድምፅ እንደቆጠረ በዓይኑ ያነባል፤ በኋላ ቁጥሩ ቢለወጥ የሚመሰክር ጎረቤት አለው።

ከጎጀብ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን፣ ካፋና ሸካ፣ ቤንች ሸኮና ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ፣ የራሳቸውን ክልል ለማቋቋም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡትም በእሳቸው ዘመን ነው። ከሁሉ በላይ ግን የማነሣው ወላይታን ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሎች የደቡብ ዞኖች ጋር ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ቦርዱ ወላይታ ላይ የተፈጸሙትን የሕግ ጥሰቶች መረመረና የዞኑን ድምፅ ውድቅ አደረገው፤ ሰኔ 12 እንደገና አስደረገው። ራሱ ያደራጀውን፣ ራሱ ገንዘብ ያወጣበትን ድምፅ ማለት ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤት ከሥራው ላይ ስሕተት ሲያገኝ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሸፍነዋል። ይህኛው «ያልተቀመጥንበት ስብሰባ ነው» አለ። በዚያው ዓመት ወይዘሪት ብርቱካን ጤናቸውን ምክንያት አድርገው ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ወንበር በፈቃድ መልቀቅን ብዙ አላየንምና ይህንንም ልመስክርላቸው።

አሁን ወደ እናንተ። ብዙዎቻችሁ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ትሆናላችሁ። የምሰጋላችሁ ጉቦ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጉቦ ሌላው ይነግራችኋል። እኔን የሚያስፈራኝ ተዘጋጅቶ የሚመጣላችሁ ወረቀት ነው። «እዚህ ጋ ብቻ ፈርም፣ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን» የሚለው ሰው ጠላት መስሎ አይመጣም፤ አለቃችሁ ነው፣ የአገራችሁ ልጅ ነው፣ ምሳ የጋበዛችሁ ነው። በቅርቡ የሚወጡ ውሳኔዎችን ሳነብ ደግሞ አዝናለሁ። «ግራ ቀኙን መርምረን» ይላል፣ ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። ምርመራው የት አለ? የተሸናፊው ወገን ክርክር ለምን እንደወደቀ ያልጻፈ ዳኛ ያንን ሰው አልሰማውም። አንዱን ውሳኔ ከሌላው ገልብጦ ስሙን ብቻ እየቀየረ የሚያወጣም አለ፤ የከሳሹ ስም በተከሳሹ ቦታ ገብቶ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ይህን ጥቁር ካባ ዛሬውኑ መልሱት።

ወላጆች፣ እነዚህን ልጆች እሸት ለቅማችሁ፣ ጀንፈል ሸጣችሁ ነው ለዚህ ያበቃችኋቸው። ዛሬ እልል በሉ፣ ይገባችኋል። ነገ ግን ልጃችሁን ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ብቻ አትላኩት።

ተመራቂዎች፣ ሥራ እስክትይዙ የምትቆዩበት ጊዜ አለ፤ አውቀዋለሁ፣ ረጅም ነው። በጎማና በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ የቡና ማኅበራት አሉ፤ ሂሳባቸውን ዘግተው ጉባኤ የሚጠሩበት ቀን አላቸው። ሂዱና «ቃለ ጉባኤውን እኔ ልያዝላችሁ» በሉ፤ ከኮሚቴው ዘመድ ይልቅ እናንተ ብትይዙት ይሻላል። የመጣውን አባል ቆጥራችሁ ጻፉ። የተቃወመ ካለ ስሙንና ምክንያቱን ጻፉ፣ አንድ ሰው ቢሆንም። ከዚያ አሻራ ከመጫኑ በፊት፣ ገና ሰው ሳይበተን፣ የጻፋችሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአፋን ኦሮሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ አርሙ ያሏችሁንም እዚያው አርሙ። እንኳን ደስ ያላችሁ።