ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የእርዳታ መምሪያ ስለ መጻፍ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይኸውም ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የእርዳታ መምሪያ ስለ መጻፍ ነው። ነገር ግን ከሰባታሚት ባሕር ዳር እየተመላለሰ በየጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን የሚያስፈጽም ወላጅ ሁሉ፣ ሳያውቀው የዚህ ነገር ባለጉዳይ ነው።

የእርዳታ መምሪያ ማለት ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ተቀምጦ፣ ሠራተኛው ግራ ሲገባው ኤፍ 1 የተባለውን ቁልፍ ሲጫን የሚከፈትለት ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ከአጠገቡ የለምና በእርሱ ፈንታ የሚመልስለት ይህ ጽሑፍ ነው።

ምሳሌውን ከራሳችን ክልል ላምጣ። በአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ የባልና የሚስት ስም አብሮ እየተጻፈ፣ መዝገቡ በየወረዳው ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል፤ መጀመሪያ ኢስላ በተባለ ፕሮግራም፣ በኋላም ለአገሪቱ በሙሉ በታቀደው የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት። እንግዲህ ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ስሙን ለማዛወር ወደ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት መጣች እንበል። ጸሐፊው አዲስ ተቀጣሪ ነው። መስኮቱ ላይ «ማስተላለፍ» የሚል ቃል ቢያይም፣ ውርስ ይሁን ስጦታ ወይም ኪራይ አልገባውም። ኤፍ 1ን ተጭኖ ምንም ካላገኘ፣ ወይ «ነገ ተመለሽ» ይላታል፣ ወይም በግምት ይሞላዋል። በግምት የሚሞላው ደግሞ የሰው መሬት ነው።

ብዙ መምሪያዎች የሚጻፉት ከመስኮቱ ተነሥቶ ነው። «አስቀምጥ የሚለው ቁልፍ ለማስቀመጥ ያገለግላል» ይላሉ፤ ውሃ ማለት ውሃ ነው እንደ ማለት መሆኑ ነው። ይህማ ለማንም አይጠቅምም። መምሪያው መነሣት ያለበት ባለጉዳዩ ይዞት ከመጣው ጥያቄ ነው። ስለዚህ የገጹ ርእስ «የማስተላለፍ መስኮት መግለጫ» ከሚሆን ይልቅ «ባል ወይም ሚስት ሲሞት መዝገቡ እንዴት ይስተካከላል?» ቢባል ጸሐፊው ወዲያው ያገኘዋል። ከዚያ በታች የሚያስፈልጉት ማስረጃዎች፣ ቀጥሎም የሥራው ቅደም ተከተል፣ በመጨረሻም ስሕተት ቢፈጠር እንዴት እንደሚመለስ ይጻፋል። ይህን የመጨረሻውን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ሰው ግን መምሪያ የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከተበላሸበት በኋላ ነው።

ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ሲሆንማ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። አንዱ ጸሐፊ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ቢጽፍበት አንድ ሰው በመዝገቡ ሁለት ሰው ይሆናል። ቀንም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በጳጉሜን የተወለደ ልጅ የት ይግባ? መምሪያው ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍ ቁርጡን መናገር አለበት። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም በአማርኛ የእርዳታ ገጾች አሉት፤ ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምር እንደ ሆነ እንጂ፣ የአንድ ወረዳ መዝገብ በምን ሥርዓት እንደሚሞላ ሊያውቅ አይችልም። ያንን መጻፍ የሚችል እዚያው የሚሠራ ሰው ነው።

ፍለጋን በሚመለከት ደግሞ ፊደላችን የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ» ብሎ ይጽፋል፤ «ዓመት»ም «አመት»ም አለ። ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። እንዲሁም «ውርስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ስለወረሰችው መሬት» የሚለውን ገጽ ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ የቃላት ማውጫው በሰው እጅ መዘጋጀት አለበት፤ ሁለቱም አጻጻፍ ገብቶ፣ ገበሬው የሚናገረውም ቃል ከሕጉ ቃል ጎን ተቀምጦ።

ጽሑፉ የሚቀመጥበትም ዕቃ ቢሆን ችላ የሚባል አይደለም። ማይክሮሶፍት በ1990 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ዊንሄልፕ የተባለውን አወጣ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ኤችቲኤምኤል ሄልፕ ተከተለው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲቀርብ የዊንሄልፕ ማንበቢያ አብሮት ስላልመጣ፣ ስንት የተደከመበት መምሪያ ተቆልፎ ቀረ። ሁለተኛውም ቢሆን ገጾቹን በግእዝ ፊደል ማሳየት ሲችል፣ ማውጫው ግን በአሮጌው የፊደል ቁጥር የታሰረ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በዚያ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በዩኒኮድ የዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ለአማርኛ የምመርጠው ተራውን የድር ገጽ ነው። በዩኒኮድ ተጽፎ፣ በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ በአንድ ማኅደር ተቀምጦ፣ ያለ ኢንተርኔት በማናቸውም ማሰሻ ይከፈታል።

በገጹ ግርጌ የተጻፈበት ቀን ይኑር። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተካ። የቀድሞውን ጠቅሶ የተጻፈ መምሪያ ቀን ከሌለበት፣ ጸሐፊው በተሻረ ሕግ ሰው ያስተናግዳል። መምሪያ ከሌለው ይልቅ ይኸኛው ይከፋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠይቃል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከቅርባችን ብንጀምር ምን ይመስላችኋል? መምህራን ውጤታችንን የሚሞሉበት ሮስተር አለ። የአንድ ተማሪ ውጤት በሌላው መስመር ከገባ ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዐምስት ገጽ ይበቃል፦ አዲስ ተማሪ መጨመር፣ የለቀቀውን ማውጣት፣ የተሳሳተ ውጤት ማረም፣ ድምሩ የማይገጥምበት ምክንያት፣ ቅጂ ማስቀመጥ። ጽፈን ስንጨርስ ሮስተሩን ነክተው የማያውቁ አንድ መምህር ፊቱ ይቀመጡ፤ ጸሐፊዎቹ ከኋላ ቆመን፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ፣ እጃቸው የቆመበትን ቦታ እንመዝግብ። ዝም ማለቱ ከመጻፉ ይልቅ እንደሚያስቸግረን ከአሁኑ ይታየኛል። ይሁንና እጃቸው የቆመበት ገጽ እንደገና ይጻፋል።

ለሥራው ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን የምትጽፉበት ወረቀት ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።