ጋቢውም ተፈርዶበታል እንዴ?



አንድ የዶርዜ ሸማኔ ታሰረ እንበል። ሲገባ ጋቢውን፣ ሰዓቱንና 300 ብሩን አስረከበ። ሲፈታ «ጠፍቷል» ተባለ። ታዲያ ማንን ይጠይቅ? ዘበኛውን ብቻ? የለም! እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፤ ሕጉ ግን አለ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሣ መጠየቅ ይችላል ይላል። ክሱ ግን በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቀው የማንዴላ ደንብም ንብረቱ ይዘርዘር፣ እስረኛውም ይፈርምበት ይላል።

እንግዲህ ዘመዳችሁ ሲታሰር «ዝርዝሩ የታለ? ግልባጩን ስጡን!» በሉ። ወረቀት የሌለው አደራ ሲጠፋ ምስክር የለውም። ፍርድ ቤት የፈረደው በሰውየው ላይ ነው፤ በጋቢው ላይ እኮ አልፈረደም!