የደረቀ ቅጠልና የገላ ውሃ

ሰላም፦ ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ ጤና አዳም አድርቀው ከገላ መታጠቢያ ውሃ የሚቀላቅሉ ብዙ ናቸው። የኔ ስጋት እርጥበቱ ነው። ቅጠል ስለደረቀ ሻጋታው አይሞትም፤ ውሃ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ዘፍዝፈው በጠርሙስ ካስቀመጡት ባክቴሪያም ይራባበታል።

ዳዊት፦ እናቶች ግን ቅጠል እያፈሉ ሲያጥቡ ኖረዋል እኮ!

ሰላም፦ ልክ ነህ፤ ግን የሚያፈሉት ለዕለቱ ነው፣ የተረፈው ይደፋል። የዛሬው አሽጎ ወር ያቆየዋል።

ዳዊት፦ ይሄንስ ተቀበልኩ። ደረቁን ከደረቅ ጨው ጋር ቢያስቀምጡትስ?

ሰላም፦ ይሻላል፣ ቅጠሉ በጣት ሲታሽ የሚደቅ ከሆነ። ሲታጠቡ በስስ ጨርቅ ይቋጠር፤ ስንጥሩ ቆዳ ይቧጭራል፣ ቱቦም ይደፍናል።

ዳዊት፦ ጤና አዳም ላይ ግን አልስማማም። ስንቱ በቡና ይጠጣዋል!

ሰላም፦ አንድ ቅጠል ቡና ላይ ጣል ማድረግና ገላን በሙሉ መዘፍዘፍ ይለያያል። ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ቆዳ ላይ ቀርተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ፣ ውሃ ያስቋጥራሉ። የሚተወው ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ዳዊት፦ ሲደርቅ አይጠፋም?

ሰላም፦ በማድረቅ ብቻ ጠፋ ብሎ መተማመን አይቻልም። ለሕፃን ገላማ ጨርሶ አይሞከር።

ዳዊት፦ እንግዲያው ጤና አዳሙ ለቡናው ይቆይ።