ዝናብ ሲቀር የሚከፈል መድን
(ለግብርናና ለዕርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)



በዝናብ ብቻ የሚያርስ ገበሬ ክረምቱ ሲከዳው መጀመሪያ የሚሸጠው በጉንና ፍየሉን፣ መጨረሻ የሚሸጠው የእርሻ በሬውን ነው። በሬው ከሄደ በኋላ የሚቀጥለው ክረምት ቢያምርም ማሳው ጦሙን ያድራል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በውድም ሆነ በግድ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ለሠፈራ የተወሰደው ሕዝብ ወደ 600,000 ይጠጋ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ጥሪቱን አስቀድሞ የጨረሰው ጥቂት አልነበረም። ስለሆነም ድርቅ ሲነሣ ዐቢዩ ጥያቄ ዕርዳታው ምን ያህል ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

በአየር ጠባይ ላይ የተመሠረተው የሰብል መድን የታሰበው ለዚሁ ጥያቄ ነው። በተለመደው የመድን አሠራር ጉዳት ሲደርስ ገማች ወደ ማሳው ሄዶ የጠፋውን ሰብል ይመረምራል። ግማሽ ሄክታር ለሚያርስ ገበሬ ግን የገማቹ የጉዞ ወጪ ብቻውን ከአረቦኑ ሊበልጥ ይችላል። በዚህኛው አሠራር የሚታየው ማሳው ሳይሆን ዝናቡ ነው፤ በውሉ በተወሰኑት ሳምንታት የተለካው ዝናብ ከተወሰነው መጠን ካነሰ፣ ገበሬው ሳያመለክትና ማስረጃ ሳያቀርብ ካሣው ይከፈላል።

በኢትዮጵያ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ የጠለፋ ዋስትና ኩባንያ ጋር ተዋውሎ 930,000 የአሜሪካ ዶላር አረቦን ከፈለ፤ በ26 ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ እጅግ ቢያንስ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ነበር። የዚያ ዓመት ዝናብ መልካም ስለነበረ አንድም ሳንቲም አልተከፈለም። ገንዘቡ ባከነ የሚል አይጠፋም፤ ሆኖም ቤቱ ስላልተቃጠለ የእሳት መድን በመግባቱ የሚቆጭ ሰው የለም።

በዚያ ውል ገበሬው ራሱ ተዋዋይ አልነበረም። ተዋዋይ ከሆነባቸው ሙከራዎች አንዱ በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) በትግራይ፣ በቆላ ተምቤን ወረዳ፣ አዲ ሃ በተባለው ሥፍራ የተደረገው ነው። በኦክስፋም አሜሪካ፣ በማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ በኒያላ ኢንሹራንስና በስዊስ ሪ ትብብር 200 ቤተሰቦች ለጤፍ ሰብላቸው መድን ገቡ። በሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉት ድሆች አረቦኑን በጉልበታቸው፣ ማለትም በአካባቢ ልማት ሥራ እንዲከፍሉ ተደረገ። ይህ የአከፋፈል ዘዴ ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ መድኑ የሚደርሰው ብዙም ለማያስፈልገው ነበርና። ሥራው እየሰፋ ሄዶ ከ2004 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2012) በኋላ ከ12,000 ለሚበልጡ ገበሬዎች ከ320,000 ዶላር በላይ ካሣ ተከፈለ። በአማካይ ሲታይ ለአንድ ቤተሰብ ወደ 27 ዶላር መሆኑ ነው። ይህ በሬ አይገዛም፤ ለጥቂት ጊዜ እህል ገዝቶ ያለውን በሬ ከመሸጥ ግን ሊያዘገይ ይችላል።

ችግሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው። የዝናብ ጣቢያ በሌለበት አገር የሚለካው በሳተላይት ሲሆን፣ ሳተላይቱ የደመናውን አናት ቅዝቃዜ አይቶ ዝናቡን ይገምታል እንጂ መሬት የደረሰውን ጠብታ አይቆጥርም። በተራራማ አገር ደግሞ በአንደኛው ሸንተረር ሲዘንብ ማዶው ደርቆ ሊቀር እንደሚችል ማንም ገበሬ ያውቀዋል። ስለዚህ ሰብሉ የጠፋበት ሰው ሳይከፈለው፣ ያልጠፋበት ሊከፈለው ይችላል። ተምች፣ በረዶና ዋግ ያደረሱት ጥፋትም በዝናብ ልክ አይታይም። አረቦኑን በላቡ ከፍሎ ባዶ እጁን የቀረ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም፤ ቢመለስ ነው የሚደንቀው።

ጉድለቱን ፈጽሞ ማስወገድ ባይቻልም መቀነስ ይቻላል። በአዲ ሃ ውሉ ሲዘጋጅ ገበሬዎች መቼ እንደሚዘሩና ክፉ ዓመታት የትኞቹ እንደነበሩ ተጠይቀው ነበር። የሽማግሌዎች ትዝታና የሳተላይቱ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መለኪያው የት እንደሚሳሳት ገና ከመዘራቱ በፊት ይታወቃል። መድኑ ሲስፋፋ በየቀበሌው ይህ ሊደገም ይገባል። ውሉ የማይሸፍነው ነገርም አረቦኑ ከመከፈሉ በፊት ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት። መለኪያው ለሳታቸው ቤተሰቦች የሚሆን የመጠባበቂያ እህልም በወረዳው መጋዘን መቀመጥ አለበት፤ መድን አለ ተብሎ መጋዘኑ የተራቆተ እንደሆነ ገበሬው ሁለቱንም ያጣል።