ባንኮክ በቦይ ጀልባ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ባንኮክ ከተማ ጥቂት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ አገር ለመጐብኘት የሄድሁ መስሎት እንደ ነበረ ከአነጋገሩ ገባኝ። እኔ የሄድሁት አጐቴን ለማስታመም ነው። ስለዚህ ስለ ቤተ መንግሥቱና በወርቅ ስለ ተለበጡት ቤተ መቅደሶች የምነግራችሁ እምብዛም የለኝም። የማውቀው ከአንዲት ጠባብ ክፍል እስከ አንድ ሐኪም ቤት ያለውን መንገድ ነው፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ፥ ከሰኞ እስከ ዓርብ፥ ሠላሳ ጊዜ ሄጄ ሠላሳ ጊዜ ተመልሼበታለሁና እርሱን ብነግራችሁ ይሻላል። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

አዴር (እኛ ሶማሌዎች የአባትን ወንድም የምንጠራው እንዲህ ነው) የሀርሺን ሰው ናቸው። ምግብ አልወርድ ብሏቸው ሲመረመሩ ምግብ መውረጃቸው ላይ ካንሰር ተገኘ፤ የጨረር ሕክምናም ታዘዘላቸው። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በአንድ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሌሎችም ከተሞች ቢከፈት፥ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ገና ብዙ ነው። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ ቃራን አወጣ። ቃራን ማለት አንድ ሰው ሲቸገር ወገኑ እንደየዐቅሙ የሚያዋጣለት ገንዘብ ነው። አንዱ ግመል ሸጠ፤ አንዱ ከሐርጌሳ ላከ፤ አሜሪካ ያለውም ዶላር ጨመረ። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ስለማውቅ፥ ገንዘብ ባይኖረኝ ምላሴን አዋጣሁ።

ከሀርሺን ተነሥተን በሀርቲሼክና በቀብሪ በያህ አድርገን ጅግጅጋ ገባን፤ ከዚያም በአይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ። ከአዲስ አበባ እስከ ባንኮክ ሌሊቱን ሙሉ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት መብረር ነው። ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ከጎዴ ሙቀት የባሰ አይደለም፤ ነገር ግን እርጥብ ነው፤ ሸሚዝ አጥቦ የሚያሰጣ ሰው ለብሶት ይደርቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይችልም።

ታዮች ከተማቸውን ክሩንግ ቴፕ፥ የመላእክት ከተማ ይሏታል። ዋና ከተማ የሆነችው በ1782 ነው፤ ዛሬ ከነአካባቢዋ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። የተሠራችው በጭቃ ምድር ላይ ሲሆን ከባሕር ወለል ያላት ከፍታ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው። ቀድሞ መንገዷ ቦይ፥ መኪናዋ ጀልባ ነበረ። በኋላ ብዙው ቦይ ተደፍኖ አውራ ጐዳና ሆነ፤ አውራ ጐዳናውም መኪና ሞላበትና መንቀሳቀስ አቃተው።

ይህን በመጀመሪያው ሳምንት በራሳችን ላይ አየነው። ክፍላችን ከሐኪም ቤቱ ያለው ርቀት አራት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በታክሲ ግን አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር፤ የታክሲውም ቈጣሪ መኪናው ቆሞ ሳለ ይቈጥራል። አዴር ቈጣሪውን ትኵር ብለው ያዩና «ይህ መኪና የሚሄደው በጐማ ነው ወይስ በእኛ ግመል?» ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዘግይተን ደርሰን ተራችን አልፎ አገኘነው፤ እስከ ማታ ጠበቅን። ጨረር ደግሞ ቀን መዝለል የማይወድ ሕክምና ነው።

በሐኪም ቤቱ አማርኛ የምትናገር አስተርጓሚ ነበረች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፥ እርስዋ በአማርኛ ትነግረኛለች፥ እኔ ለአዴር በሶማሊኛ እነግራለሁ፤ እንግሊዝኛውን ቀድሜ ሰምቼው ሳለ አንድም ቀን ላቋርጣት አልደፈርሁም። አንዲት «አዎን» ሦስት ቋንቋ አቋርጣ እስክትመለስ ሐኪሙ ታጋሽ ሰው ነበረ። ይህች አስተርጓሚ ናት «በቦዩ ለምን አትመጡም?» ያለችኝ።

ቦዩ ሴን ሴፕ ይባላል። ከ1837 እስከ 1840 በንጉሥ ራማ 3ኛ ዘመን የተቈፈረ ነው፤ የተቈፈረውም ወደ ካምቦዲያ ለጦርነት የሚሄደውን ሠራዊትና ስንቁን ለማጓጓዝ ነበር። ዛሬ ሠራተኛውንና ተማሪውን የጫነ ረጅም የእንጨት ጀልባ ይመላለስበታል። ጀልባው መሳፈሪያው ላይ የሚቆመው ሰው እስኪዘል ድረስ ብቻ ነው። ትኬት ቈራጩ የራስ ቍር ደፍቶ በጀልባው ጠርዝ ላይ በውጭ በኩል እየተራመደ ሳንቲም ይቀበላል። ሌላ ጀልባ ሲያልፍ ቈሻሻው ውሃ እንዳይረጭ፥ ጠርዝ ላይ የተቀመጠው መንገደኛ ገመድ ስቦ የላስቲክ መጋረጃ ያነሣል። እኛ ሁዋ ቻንግ ከሚባለው ድልድይ ሥር እንሳፈራለን፤ ፕራቱናም ላይ ሁሉም ወርዶ ጀልባ ይለውጣል፤ ናና ኑዋ ስንደርስ እንወርዳለን። ታክሲ ከአንድ ሰዓት በላይ የፈጀበትን በሃያ ደቂቃ ያህል እንጨርሰው ነበር።

ነገር ግን አዴር በመጀመሪያው ቀን አልሳፈርም አሉ። በዕድሜያቸው ጀልባ ረግጠው አያውቁም። «ልጄ፥ ከውሃ ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን እኔ ውሃን የማውቀው ከላይ ሆኜ ስቀዳው ነው» አሉኝ። ቈራጩ ቋንቋውን ሳያውቅ ነገሩን አወቀና ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። በአራተኛው ቀን ጠርዝ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ገመዱን ይስቡ ነበር፤ ሳይስብ የዘገየውንም ሰው በሶማሊኛ ይቈጡት ነበር።

ከሌላ ክፍለ ሀገር ለመጣችሁ መምህራን የሀርሺንን ውሃ ነገር ላስረዳ። በሀውድ ምድር ወንዝ የለም፤ ውሃ የሚሰጥ ጕድጓድም የለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ ቢርካ መሥራት ለመደ፤ ይኸውም በድንጋይና በሲሚንቶ የተለበጠ፥ በጉ ወራት የሚጐርፈውን የዝናም ውሃ የሚያጠራቅም ሰፊ ጕድጓድ ነው። ባለቤቱ ከብቱን ያጠጣበታል፤ ለሌላውም ይሸጣል። ጂላል ሲጠና ቢርካው ይደርቅና ውሃ በቦቴ መኪና ይመጣል። አዴርም ባለ ቢርካ ናቸው። ስለዚህ በጀልባው ሆነው ቦዩ ስንት ቢርካ እንደሚሞላ ያሰሉ ነበር። አንድ ቀን በመንደራችን ጥግ ሳንቲም ሲገባበት የመጠጥ ውሃ የሚቀዳ ሣጥን አዩ፤ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። «ታዲያ ይህም ሀርሺን ነው!» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህች ከተማ ቀስ በቀስ የምትሰምጥ መሆንዋንም ነገርኋቸው። ፋብሪካውና ሕንጻው የከርሰ ምድሩን ውሃ ለብዙ ዘመን ስለ መጠጠው መሬቱ ወረደ፤ በ1977 ቍፋሮውን የሚቈጣጠር ሕግ ወጣ። በ2011 የደረሰው ጐርፍ በአገሪቱ ከ800 ሰው በላይ ገደለ፤ የዶን ሙዋንግም አይሮፕላን ማረፊያ በውሃ ተጥለቅልቆ ተዘጋ። አዴር ይህን ሰምተው ብዙ ዝም አሉ።

ክፍል የተከራየነው ባን ክሩዋ ከሚባል የእስላም ሰፈር ነው። ፕራቱናም ልብስ ለመግዛት ከአዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ነጋዴ ነው የጠቈመን። የሰፈሩ ሰዎች ቻም ይባላሉ፤ አባቶቻቸው ከካምቦዲያ መጥተው ለንጉሡ ስለ ተዋጉ መሬቱ ተሰጣቸው። ሐር በመሸመን የታወቁ ነበሩ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰፈራቸው ላይ የፈጣን መኪና መንገድ መውረጃ ሊሠራ ታቅዶ ሳለ፥ ለብዙ ዓመታት ተከራክረው አስቀሩት። አዴር ይህን ከባለቤቲቱ የልጅ ልጅ ሲሰሙ በጣም ወደዱ። በእኛም አገር ቢርካ የሠራ ሰው በዙሪያው ያለውን ግጦሽ እያጠረ ስንት ሽምግልና አስነሥቷል! የመሬት ክርክር ለእሳቸው ቋንቋ አያስፈልገውም።

ባለቤቲቱ አሮጊት መበለት ናት። አንድ ማታ «ሶንግ ቱም» ብላ ሁለት ጣት አሳየችኝ፤ እንግዳ እንደሚመጣ ልትነግረኝ ፈልጋ ነው። ሁለት ቱም ማለት በአውሮፓ ሰዓት ማታ 8 ነው፤ በእኛም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው! ታዮች በቀድሞው ልማዳቸው ሌሊቱን እንደ እኛ ከምሽት ጀምረው ይቈጥራሉ። ስለ ዘመን ቍጥር ግን ከእነርሱ ጋር አንገናኝም፤ የቡድሃ ዘመናቸው ከእኛ በ550 ዓመት ግድም ይቀድማል።

በአራተኛው ሳምንት ጨረሩ ጉሮሮአቸውን አቈሰለ። ምራቅ እንኳ መዋጥ አልቻሉም። የግመል ወተት ቢገኝ ይወርድላቸው እንደ ነበረ ደጋግመው ይናገራሉ፤ ከየት ይምጣ? አንድ ሌሊት «የቀረውን ገንዘብ ለባለቤቶቹ መልስ፤ አገሬ ውሰደኝ» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ የምለው አጣሁ። ማለዳ ባለቤቲቱ ሩዝ ፍሬው እስኪጠፋ ቀቅላ ቀዝቀዝ አድርጋ አመጣች፤ ማንኪያውንም እርስዋ ያዘች። አዴር ከሴት ማንኪያ ላለመቀበል ፊታቸውን አዞሩ፤ እርስዋም አልሄደችም፤ በመጨረሻ ጠጡ። በዚያ ቀን ዘግይተንም ቢሆን ወደ ጀልባው ወረድን።

ይህች ሴት ራስዋ የስኳር በሽተኛ ናት። ስንት ትከፍያለሽ ብዬ በልጅ ልጅዋ ባስጠይቃት በመንግሥት ሐኪም ቤት የምትከፍለው ከምንም የማይቈጠር ነው። ከ2002 ጀምሮ በመላው ታይላንድ ሌላ መድን የሌለው ዜጋ ሁሉ በመንግሥት ግብር ወጪ ይታከማል፤ ሲጀመር ለአንድ ጊዜ ምርመራ የሚከፈለው 30 ባት ብቻ ስለ ነበረ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራዋል። ጓደኞቼ፥ በምሶሶ ላይ የሚሄደውንም ባቡር፥ ሰማይ ጠቀሱንም ሕንጻ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያስቀናኝ ነገር ግን የለም። እኛ ግመል ሸጠን ባሕር ተሻግረን እንደ ሆቴል በተጌጠ አዳራሽ እንጠብቃለን፤ መበለቲቱ በሰፈርዋ ትታከማለች። ይህን ለአዴር ብተረጕምላቸው «ይህማ ቃራን ነው» አሉ፤ «ግን ሰው ሳይታመም የሚወጣ ቃራን ነው።»

እኛም ጋ የማኅበረሰብ ጤና መድን ከ2011 ጀምሮ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ነገር ግን ዝናም ተከትሎ ከብቱን የሚነዳ ሰው በየትኛው ቀበሌ ይመዝገብ? መዋጮውንስ ግመሉ ወፍራም በሆነበት በጉ ነው የሚከፍለው ወይስ በጂላል? የጤናና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ከዚህ አዳራሽ ሞልታችኋልና፥ ጥያቄውን ለእናንተ እተዋለሁ።

አዴር ዛሬ ሀርሺን ናቸው። ላሖህ በወተት አርሰው ይበላሉ፤ ሐኪሙ ግን በየጊዜው መታየት አለባቸው ብሏል፤ ለሚቀጥለው ምርመራ የምንሄድበትን ገንዘብ ገና አላገኘንም። የሦስቱ መሳፈሪያዎች ስም በታይ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት በእጄ አለ፤ የባለቤቲቱ የልጅ ልጅ ነው የጻፈው። ከእናንተ መካከል በሽተኛ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ቢኖር ይገልብጠው። በጀልባው ውስጥ በሽተኛውን መካከል ያስቀምጡት፤ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ ግን ገመዱን ቶሎ ይሳብ።