ለጨዋታ ልክ የሰጠ ሕግ



ጊዜን በከንቱ ማሳለፍ የሚጐዳው ያሳለፈውን ሰው ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሜዳ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት አብረውት የተሰለፉትንም ሁሉ ይጐዳል። ለዚህ ምስክር ይሆነን ዘንድ፣ በአሜሪካን አገር ኤን. ቢ. ኤ. የሚባለው የቅርጫት ኳስ ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1954 እስከ 1955 ያካሄደውን የውድድር ዘመን እናስታውስ።

ማኅበሩ በዚያን ጊዜ የዛሬው ሀብትና ዝና አልነበረውም። በ1949 ውድድሩ ሲከፈት 17 ቡድኖች ነበሩት፤ ከ5 ዓመት በኋላ ግን የቀሩት 9 ብቻ ነበሩ። ለዚህም ልዩ ልዩ ምክንያት ቢኖረው፣ አንደኛው ጨዋታው ተመልካችን የሚያሰለች መሆኑ ነበር። በጥቂት ነጥብ የቀደመ ቡድን ኳሱን እየተቀባበለ ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ ይዞ ቢቆይ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። የተቀደመውም ቡድን ኳሱን ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ ጥፋት ይሠራል፤ እንዲህም ሆኖ ጨዋታው ፊሽካና የቅጣት ውርወራ ብቻ ይሆናል። ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ሚኒያፖሊስን ያሸነፈው 19 ለ18 ነበር። በመጨረሻው የ12 ደቂቃ ክፍል ሁለቱ ቡድኖች በአንድነት ያገኙት 4 ነጥብ ብቻ ነው።

መፍትሔውን አጥብቆ የጠየቀው በኢጣሊያ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው የሲራኪዩዝ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ ነበር። ስሌቱም ቀላል ነው። ተመልካችን ደስ በሚያሰኝ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በጠቅላላው 120 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫቱ ይወረውራሉ፤ ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ ማለት 2,880 ሴኮንድ ነው፤ ይህ ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። ስለዚህ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ ካልወረወረ ኳሱን ለባላጋራው እንዲለቅ ተደነገገ። ጥፋት የሚያበዛ ቡድንም ተጨማሪ የቅጣት ውርወራ እንዲወረወርበት ተወሰነ።

ውጤቱ ሳይውል ሳያድር ታየ። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚያገኘው ነጥብ በአማካይ 79.5 የነበረው በዚያው ዘመን 93.1 ደረሰ፤ የቦስተን ቡድን ብቻውን ከ100 አለፈ። እርግጥ ነው፣ መድኃኒቱ ለሁሉ አልደረሰም፤ የባልቲሞር ቡድን 14 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በኖቬምበር ወር ፈረሰ።

ለዋንጫው የቀረቡት ሲራኪዩዝና ፎርት ዌይን ነበሩ። ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈው ኤፕሪል 10 ቀን 1955 ለሰባተኛው ጨዋታ በሲራኪዩዝ ተገናኙ። ፎርት ዌይን በ17 ነጥብ ቀድሞ ነበር። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ኳሱን ይዞ መቆየት በበቃው ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን ለቀዳሚም ለተከታይም እኩል ነውና መወርወር ግድ ሆነበት። ሲራኪዩዝም ቀስ በቀስ ደረሰበት። ሊያልቅ 12 ሴኮንድ ሲቀረው ጆርጅ ኪንግ አንድ የቅጣት ውርወራ አስገባ፤ ወዲያውም ኳሱን ከባላጋራው ነጠቀ፤ ጨዋታው በ92 ለ91 ተፈጸመ። የዚህ ቡድን አባላት የነበሩት ኧርል ሎይድና ጂም ተከር በዚህ ማኅበር ዋንጫ ያገኙ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ሆኑ።

አንባብያን ሆይ፤ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያችን የሚያመሰግነው ቀስ ብሎ የሚሄደውን እንጂ ቆሞ የሚቀረውን አይደለም። ሕጉ የተጫዋቹን ብልሃት አልቀነሰበትም፤ ብልሃቱን በሥራ እንዲያውለው አስገደደው እንጂ። እኛም በየጠረጴዛችን ላይ የባለጉዳይ መዝገብ ይዘን «ነገ ተመለስ» የምንል ከሆነ፣ ኳሱን ይዞ ሰዓት ከሚያስቆጥረው ተጫዋች በምን እንለያለን? በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ የጉዳዩ ባለቤት ነው። እንግዲህ ለያዝነው ሥራ ልክ የሚሰጥ ደንብ እስኪወጣብን ሳንጠብቅ፣ እያንዳንዳችን ለየራሳችን ልክ እናብጅለት።